ኤፒዲሚዮሎጂ በኢትዮጵያ፦ ከጎንደር ኮሌጅ እስከ ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት

ኤፒዲሚዮሎጂ በሽታ ማንን፣ የትና መቼ እንደሚያጠቃ ቆጥሮ መንስኤውን የሚመረምር ሙያ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርቱ ሥር የሰደደው በጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ለጎንደር ቅርብ በሆነው ደንቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ፤ በማግስቱ ዓመት መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅን ከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይለማመዱ ነበር። በ1958 ወባ በአገሪቱ ዳግም ተነስታ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ስትይዝ 150,000 ያህሉ ሞቱ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና የማስተርስ ትምህርት የጀመረው በ1984 ነው። ተማሪው ግን ከውጭ በመጣ ውድ መጽሐፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ምሳሌዎቹም የሌላ አገር ነበሩ። ይህን ክፍተት ለመሙላት የካርተር ማዕከልና የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 የሕዝብ ጤና ሥልጠና ኢኒሼቲቭን መሠረቱ። የጎንደር፣ የጅማ፣ የአለማያና የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ተሰብስበው ኤፒዲሚዮሎጂን ጨምሮ ከ200 በላይ የማስተማሪያ ጽሑፎች አዘጋጁ። ጽሑፎቹ በኢንተርኔትም በነጻ ተለቀቁ። በዚያው ዘመን የአሜሪካው ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በሮናልድ ላፖርት መሪነት ሱፐርኮርስ የተባለውን የነጻ ሌክቸሮች ስብስብ ጀመረ፤ የየአገሩ መምህራን ስላይዶቻቸውን ይለግሱበት፣ ሌላውም ለክፍሉ እንዲስማማ አድርጎ ያስተምርበት ነበር።

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ በ2011 የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ከዩኒሴፍና ከአምሬፍ ጋር 13 ሞጁሎች አወጣ። በየወረዳው ለሚሠሩት በወረቀት ታተሙ፣ በኢንተርኔትም ለማንም ክፍት ሆኑ።

ሌክቸር ስሌቱን ያሳያል፤ ቆጠራው ግን የሜዳ ሥራ ነው። ለምሳሌ በመርካቶ እህል በረንዳ 200 ጫኝና አውራጆች ከአንድ በርሜል ውሃ ጠጥተው 30ዎቹ በተቅማጥ ታመሙ እንበል፤ የጥቃት መጠኑ 15 በመቶ ነው። ከበርሜሉ ካልጠጡ 100 ሰዎች የታመሙት 2 ብቻ ከሆኑ፣ የጠጡት የመታመም ዕድል ከሰባት እጥፍ በላይ ነውና ጥርጣሬው ወደ ውሃው ያዘነብላል። ይህን ለማወቅ የታመመውንም ያልታመመውንም እየዞሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የሁለት ዓመት የሜዳ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናም ሰልጣኙን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወረርሽኝ ምርመራ ባለ እውነተኛ የሜዳ ሥራ ላይ ያሠማራዋል።

በ2020 ኮቪድ ሲገባ፣ እህል በረንዳ የሚገኝበት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሕሙማን ከበዙባቸው የመዲናዋ አካባቢዎች አንዱ ሆነ። በዚያ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት የነጻ ትምህርት መድረክ ስለ ኮቪድ ያዘጋጀውን የመግቢያ ኮርስ በአማርኛም አቀረበ። ረጃጅሞቹ የኤፒዲሚዮሎጂ ሌክቸሮች ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር ውጭ ላለው አንባቢ አሁንም ሩቅ ናቸው።