ሁለት ጎደሉ

እ.ኤ.አ. በ1923 ቴዎፊለስ ፔይንተር የተባለ አሜሪካዊ የሰውን ክሮሞዞሞች ቆጥሮ 48 ናቸው አለ፤ መጽሐፉም ይህንኑ ጻፈ፣ መምህሩም ይህንኑ አስተማረ፣ ተማሪውም 48 እስኪሞላለት ድረስ ዓይኑን አስጨነቀ። አይፈረድበትም፤ ክሮሞዞሞቹ በሕዋሱ ውስጥ እንደተወሳሰበ ልቃቂት ተደራርበው ስለሚታዩ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር መለየት ጭንቅ ነበር።

ከዚያም በቴክሳስ፣ ጋልቬስተን፣ የቻይና ተወላጁ ቲ. ሲ. ሹ በብልቃጥ ያራባቸውን ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ቢያይ፣ ክሮሞዞሞቹ ሳይሰበሩ ለየብቻቸው ተበትነው አገኛቸው፤ ደግሞ ቢሞክር አልሆነለትም፣ ወራትም አለፉ፣ በኋላም ምስጢሩ ሕዋሳቱ የታጠቡበት ውሃ እንደሆነ ደረሰበት፤ ለካ ጨው አንሶት ኖሮ፣ ውሃው ሰርጎ ሕዋሱን ነፍቶት ክሮሞዞሞቹን አራርቋቸዋል። ያንን ውሃ ያዘጋጀው እጅ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ፤ እኔ ግን ባለውለታችን ነው እላለሁ። ሹ ይህን በ1952 ለዓለም አሳወቀ፤ ቁጥሩን ግን እሱም 48 ብሎ አለፈው።

አሁን ወደ ስዊድን እንሻገር። ጆ ሂን ቺዮ በጃቫ ተወልዶ፣ በጃፓን ወረራ ጊዜ ታስሮ ተሠቃይቶ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ባሕር አቋርጦ አውሮፓ የገባ ሰው ነው፤ ሥራው ስፔን ሲሆን፣ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ግን ሉንድ ወዳለው የአልበርት ሌቫን ቤተ ሙከራ ይጓዝ ነበር። ዲሴምበር 1955 ነው፤ በዚያ አገር ቀኑ አጥሮ ሌሊቱ የሚረዝምበት፣ ብርዱም የሚጠናበት ወቅት። ቺዮ ከፅንስ ሳንባ ተወስደው የተባዙ ሕዋሳትን ይዞ፣ መጀመሪያ ኮልቺሲን ጨመረባቸው፤ ኮልቺሲን ክሮሞዞሞቹን የሚጎትቱትን ክሮች ስለሚያፈርስ ሕዋሱ ሊከፈል ሲል እመንገድ ላይ ይቆማል፤ ከዚያም ጨው ባነሰው ውሃ ለጥቂት ጊዜ አቆያቸው፣ ከዚያም ቀለም አስነክሮ፣ በመስታወት መካከል ተጭኖ አነጠፋቸው፣ ከዚያም ቆጠረ። 46። ደግሞ ቆጠረ፤ 46።

በዚያችው ከተማ ሌሎች ተመራማሪዎች የጉበት ሕዋስ ሲመረምሩ፣ የጎደሉት ሁለቱ አልገኝ ቢሏቸው ሥራውን ትተውት ነበር። ቺዮ ግን የጎደለ አልፈለገም፤ ያየውን ፎቶግራፍ አነሳና በ1956 ከሌቫን ጋር አሳተመው።

46 ባይታወቅ ኖሮ፣ ትርፍ ክሮሞዞም በምን ይለይ ነበር? በ1959 ፓሪስ ውስጥ ማርት ጎቲየር ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ሕዋስ አራባች፣ ከዤሮም ለዠንና ከሬይሞን ቱርፓን ጋርም 47 ክሮሞዞም መገኘቱን አሳወቁ፤ በምን በድዬ ይሆን እያለች ራሷን ስትወቅስ ለኖረች እናትም በደሏ እንዳልሆነ የሚነግራት ሰው ተገኘ።