የቫይረስ አር ኤን ኤ የሕዋስን ራይቦሶም ለራሱ ግብር የሚያውልበት መንገድ

ቫይረስ የራሱ ራይቦሶም የሌለው በመሆኑ፣ ለመባዛቱ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ሁሉ የሚያሠራው በገባበት ሕዋስ ራይቦሶም ነው። ይህ ነገር እንዴት እንደሚፈጸም ለሊቃውንት ከሁሉ አስቀድሞ ከገለጡት ቫይረሶች አንዱ፣ የልጅነት ልምሻ የተባለውን ደዌ የሚያመጣው የፖሊዮ ቫይረስ ነው።

በሕዋስ ሥርዓት ከዲ ኤን ኤ የተቀዳው መልእክተኛ አር ኤን ኤ በመነሻ ጫፉ ላይ ቆብ የሚባል የተለወጠ ጉዋኖሲን ይደፋል። ቆቡን ኢ አይ ኤፍ 4ኢ የተባለው ፕሮቲን ይይዘዋል፤ ኢ አይ ኤፍ 4ጂ የተባለው ደግሞ በአንድ ወገኑ ይህን ቆብ ያዥ፣ በሌላው ወገኑ ኢ አይ ኤፍ 3 በሚባለው አማካይነት ታናሹን የራይቦሶም ክፍል ይዞ ሁለቱን ያገናኛል። ታናሹም ክፍል ከጫፉ ተነሥቶ አር ኤን ኤውን እየመረመረ ይወርድና ኤዩጂ የተሰኘውን የመጀመሪያ ኮዶን ሲያገኝ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ታላቁ ክፍል መጥቶ ይገጥምበትና የፕሮቲኑ ሥራ ይጀመራል።

የፖሊዮ ቫይረስ አር ኤን ኤ ግን ቆብ የለውም። ርዝመቱ ወደ 7,500 ኑክሊዮታይድ ሲሆን፣ ከእውነተኛው መጀመሪያ ኮዶን በፊት ያለው ክፍል ብቻውን ከ740 የሚበልጥ፣ እጥፋቱም የበዛ፣ ከዚህም በላይ ራይቦሶሙን ሊያሳስቱ የሚችሉ ሌሎች ኤዩጂዎች በመካከሉ የተበተኑበት ነው። በሕዋሱ ሥርዓት መሠረት እንዲህ ያለው አር ኤን ኤ ሰሚ ሊያገኝ አይገባውም ነበር።

ምሥጢሩ የተገለጠው በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄሪ ፔሌቲዬና ናሁም ሶነንበርግ ሁለት ፕሮቲኖችን በተርታ የሚያዝዝ አር ኤን ኤ ሠርተው፣ የፖሊዮን የመነሻ ክፍል በሁለቱ መካከል ቢያገቡ፣ በቫይረሱ በተያዘ ሕዋስ ውስጥ በቆቡ የሚመራው የፊተኛው ፕሮቲን ሥራ ሲታገድ የኋለኛው ሳይቋረጥ መሠራቱን ተመለከቱ፤ ከዚህም የተነሣ ራይቦሶሙ ከጫፍ ሳይነሣ በመካከል እንደሚገባ ታወቀ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ስቶኒ ብሩክ የኤካርድ ዊመር ባልደረቦች አንጎልንና የልብ ጡንቻን በሚያቃጥለው የፖሊዮ ዘመድ ቫይረስ ላይ ይህንኑ አገኙ። ይህ የውስጥ መግቢያ አይሬስ ይባላል።

በዚህ ነገር ሁሉ ከፍ ያለ አድናቆት የሚገባው ግን፣ ቫይረሱ መግቢያ ከማበጀት አልፎ የባለቤቱን መግቢያ መዝጋቱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ የቫይረሱ ፕሮቲኖች አንዱ፣ 2ኤ የተባለው ቆራጭ ኢንዛይም፣ ኢ አይ ኤፍ 4ጂን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ቆብ ያዡን የሚነካው ወገን ከራይቦሶሙ ስለሚለይ የሕዋሱ መልእክተኞች ባሉበት ይቀራሉ፤ ራይቦሶሙን የሚስበው የተረፈው ወገን ግን ከቫይረሱ አይሬስ ጋር ተጣብቆ ለጠላቱ ያገለግላል። ስለዚህ ሕዋሱ የተነጠቀው መሣሪያ ሳይጠፋ በቫይረሱ እጅ ይሠራል ማለት ነው።

ቫይረሶች ሁሉ በዚህ መንገድ ብቻ አይሄዱም። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ አይሬስ ኢ አይ ኤፍ 4ጂን ሳይፈልግ ታናሹን የራይቦሶም ክፍል በቀጥታ ይይዛል። ፌንጣ መሰል ነፍሳትን ሽባ የሚያደርገው ቫይረስ ደግሞ ከሁለቱ አይሬሶቹ በአንዱ፣ ያለ ምንም አስጀማሪ ፕሮቲን፣ የአር ኤን ኤው እጥፋት ራሱ የአሚኖ አሲድ አመላላሹን የቲ አር ኤን ኤን መልክ መስሎ ራይቦሶሙ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚሠራውም ፕሮቲን እንደ ወትሮው በሜቲዮኒን ሳይሆን በአላኒን ይጀምራል።

የአልበርት ሳቢን በአፍ የሚሰጥ ክትባትም ከዚህ ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። ሦስቱ የክትባት ዓይነቶች በዚሁ አይሬስ ውስጥ፣ በተራቸው በ480ኛው፣ በ481ኛውና በ472ኛው ኑክሊዮታይድ፣ አንዳንድ ለውጥ ያላቸው ሲሆኑ፣ ለውጡም የቫይረሱን ፕሮቲን የማስጀመር ኃይል በተለይ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ያደክመዋል። ነገር ግን አንዲት ኑክሊዮታይድ በተከተበው ሕፃን አንጀት ውስጥ በቀላሉ ወደ ቀድሞዋ ትመለሳለች። ስለዚህም ሊቃውንት የሁለተኛውን ዓይነት አይሬስ እጥፋት በአንድ ለውጥ ብቻ እንዳይመለስ አድርገው እንደገና ሠሩት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አዲስ ክትባት በኅዳር ወር 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለአስቸኳይ ጊዜ እንዲውል ፈቀደ።