ልብ ከመነካቱ በፊት ያለችው ሰዓት

በ1929 ጀርመን ውስጥ፣ ኤበርስቫልደ በምትባል ከተማ፣ ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም በገዛ ክንዱ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ልቡ ገፋው። ከዚያ በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሣ። በድርጊቱ የተቆጡ ነበሩ፤ በ1956 ግን ከሁለት ሰዎች ጋር ኖቤል ተሸለመ። ዛሬ በዕብራይስጥ ጽንቱር የምንለው መነሻው ይኸው ነው። በ1977 ደግሞ አንድሬያስ ግሩንትሲግ ዙሪክ ላይ የጠበበ የልብ ደም ሥር በትንሽ ፊኛ ከፈተ። በሽተኛው ነቅቶ ነበር።

ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው፤ ሰውየው እየሰማ፣ እያየ ነው የሚሠራለት። ስለዚህ ፍርሃቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሲፈራ ልቡ ይመታል፣ ደም ግፊቱ ይጨምራል፤ የታመመውም ያው ልብ ነው። ማረጋጊያ መድኃኒት ይሰጠው እንዳይባል፣ ሽማግሌዎችን አንዳንዴ ግራ ያጋባቸዋል።

ያለ መድኃኒት ማረጋጋት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኢቫን ኬን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1914 የሸክላ ማጫወቻ ኦፕራሲዮን ክፍል ማስገባቱን ጽፏል። (ይኸው ሰው ኋላ የራሱን ትርፍ አንጀት ራሱ ቆርጦ አውጥቷል!) በ2013 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 26 ጥናቶችን አይቶ፣ ሙዚቃ ከኦፕራሲዮን በፊት ጭንቀትን ሊቀንስ ይችላል ብሏል። ሙዚቃ እየሰማ መሆኑን ከሰውየው መደበቅ ስለማይቻል ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው ለማለት ይከብዳል።

እኔን የሚገርመኝ የሎረንስ ኤግበርት ሥራ ነው። የማደንዘዣ ሐኪም ነበር፣ ቦስተን። በ1963 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እንዳሳየው፣ ማረጋጊያ የተሰጣቸው በሽተኞች እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው እንጂ አልተረጋጉም፤ ሐኪሙ ቀድሞ መጥቶ ያነጋገራቸው ግን ተረጋጉ። በ1964 ደግሞ የሆድ ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው 97 ሰዎች ለከፊሎቹ የት እንደሚያማቸው፣ ሰውነታቸውን እንዴት እንደሚያላሉ አስረዳቸው። የወሰዱት የሕመም ማስታገሻ በግማሽ ቀነሰ።

አሁን ወደ ቤታችን። በ1984ም በ1991ም ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት ዛሬ አርጅተዋል። በአማርኛ ደግሞ ልብ ደም የሚረጭ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ድፍረቱም፣ ማስተዋሉም፣ ምሥጢሩም እዚያ ነው። «ልብህ ውስጥ ቱቦ እናስገባለን» ሲባሉ አባባ ምን ይሰማቸዋል? ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ያወራል፤ ኮሪደር ላይ የቆመው የልጅ ልጅ «ቀላል ነው አባባ፣ አይፍሩ» ብሎ ይጨርሰዋል። ከፍቅር ነው። ግን የኤግበርት በሽተኞች የተረጋጉት ሕመሙ ጭምር ተነግሯቸው ነው።

የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፖት ሆሊም የበሽተኛውን ቋንቋና ባህል ያገናዘበ አገልግሎት እንዲሰጡ አዟል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ፊርማው ከመፈረሙ በፊት።