የህንድ ፈረሰኞች በኢትዮጵያ ምድር

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ወደ መገናኛና ወደ ሲ.ኤም.ሲ በሚያወርደው በየካ በኩል፣ ዛፍ የከበበው አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ይህም ከዐድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሰጡት ቦታ ነው። በዚያን ዘመን የእንግሊዙ ሚኒስትር ወደ ቤተ መንግሥት ሲሄድ የሚያጅበው ወታደር እንግሊዛዊ አልነበረም፤ ራሱን በሻሽ የጠመጠመ፣ ጦር የያዘ የህንድ ፈረሰኛ ነበር እንጂ። በአገሩ ቋንቋ ሰዋር ይሉታል፤ ትርጓሜውም ፈረስ ጋላቢ ማለት ነው።

የህንድ ፈረሰኛ የኢትዮጵያን ምድር የረገጠው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት፣ ካሰለፈው 13,000 ያህል ወታደር የሚበዛው ህንዳዊ ነበር። ከፈረሰኛውም ወገን የቤንጋል 10ኛና 12ኛ፣ የቦምቤይ 3ኛ፣ የሲንድም 3ኛ ክፍሎች ነበሩበት። የሲንድ ፈረሰኛ የጠረፍ ጦር ነው፤ ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ በምትገኘው በጃኮባባድ ሰፍሮ የበረሃውን ወሰን ይጠብቅ ነበር። የአገልግሎቱ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወታደሩ ፈረሱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ከሚከፈለውም ደመወዝ ይቀልበዋል። የእኛም ዘማች ስንቁንና በቅሎውን ይዞ ሲወጣ እንዲሁ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ወደ 700 የሚጠጋ የኢትዮጵያ ሰው ሲወድቅ፣ ከተዋጊዎቹ መካከል የፑንጃብ ልጆች ይገኙ ነበር። በሦስተኛውም ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ አረፉ። ህንድ ራሷ በ1849 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ተነሥታ ድል ከሆነች ገና ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ስለዚህ ነጻነቱን ያጣው ሕዝብ የሌላውን ነጻነት ለመድፈር መሣሪያ ሆነ።

በየካው ግቢ ግን ሥራቸው ሌላ መልክ ያዘ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው የሰገሌ ጦርነት በቀረበ ጊዜ፣ ራስ ተፈሪ ሕፃኑን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን በዚሁ ሌጋሲዮን አደራ አስቀመጡ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ከተማው ተዘረፈ፤ ተቃጠለ። ከ1,000 የሚበልጥ ሰው ወደ ግቢው ሲሸሽ፣ ያን ስደተኛ የጠበቀው የህንድ ወታደር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው በኤርትራ ቆላ በኬሩ አጠገብ የሆነው ነው። ጥር 13 ቀን 1933 ዓ.ም. በ1795 ዓ.ም. የተመሠረተው ስመ ጥሩው የስኪነር ፈረሰኛ ክፍል፣ ፈረሱን በመኪና ለውጦ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ይገፋ ነበር። በዚያን ጊዜ ጊየ የተባለ የኢጣልያ መኰንን ፈረሰኞቹን እየመራ በመድፍና በመትረየስ ፊት ገባ። ከነዚህ ፈረሰኞች ብዙዎቹ የአማራ ልጆች ነበሩ። ህንዳዊው በእንግሊዝ ባንዲራ፣ ኢትዮጵያዊውም በኢጣልያ ባንዲራ ሥር ተሰልፈው ተገናኙ። ሁለቱም ጀግኖች ነበሩ፤ ድሉ ግን ከሁለቱ የአንዳቸውም አልነበረም።

መጋቢት 18 ቀን ከረን ሲያዝ ብዙ የህንድ ወታደር ወድቆ ነበር። ያ ደም ለኢትዮጵያ ነጻ መውጣት ረድቷል፤ ህንድ ራሷ ግን ነጻነቷን ያገኘችው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1939 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች እንዴት እናስባቸው? የመቅደላውን ብቻ ብናነሣ ጠላት፣ የከረኑን ብቻ ብናነሣ ወዳጅ ይሆናሉ። ፍርዱ ግን በወታደሩ ሳይሆን በአዛዡ ላይ ነው። ለዚህም ምስክሩ በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሐረር ጦር አካዳሚ ሲቋቋም የታየው ነው። ያን ጊዜ የህንድ መኰንኖች እንደገና መጡ፤ ነገር ግን ነጻ አገር ልኳቸው፣ ነጻ አገርም ጠርቷቸው የእኛን ወጣቶች ለማስተማር ነበር። ጦሩ ያው የህንድ ጦር ነው፤ የተለወጠው የላከው እጅ ነው። ነጻነት ማለትም ይኸው ነው፤ ሰው ጉልበቱን ለማን እንደሚያውል ራሱ መምረጡ።