አሮጌው ብስክሌት ታሪክ አለው

በብዙዎቻችን ግቢ፣ ከእንሰቱ ጥግ ወይም ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ የተረሳ አሮጌ ብስክሌት አይጠፋም። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ከበዙ ወዲህ ዕጣው ለቁራሌው በኪሎ መሸጥ ሆኗል። ከመሸጣችን በፊት ግን ታሪኩን እንመልከት።

ብስክሌት የዛሬውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ "ሮቨር" የተባለውንና በሰንሰለት የሚዞረውን ብስክሌት ሲሠራ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ጆን ዳንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ አመጣ።

በአገራችን የብስክሌትን ታሪክ የጥገናው ቋንቋ ራሱ ይነግረናል። ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ኩሽኔታ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃሉን የተውልን ሰዎች ሄዱ፤ ሙያው ግን እኛው ዘንድ ቀረ። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ሲሆን፣ የተወዳደረችውም በአትሌቲክስና በብስክሌት ብቻ ነበር። ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድሩ 24ኛ ሆኖ ገባ። አበበ ቢቂላ በሮም ከማሸነፉ በፊት ባንዲራችንን ብስክሌተኞችም ይዘው ወጥተው ነበር ማለት ነው።

ወደ ሜልበርን ከሄዱት 12 ተወዳዳሪዎች ግን አንዲትም ሴት አልነበረችም። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወንዶች በኦሎምፒክ በብስክሌት መወዳደር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ሴቶች የተፈቀደላቸው በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው። 88 ዓመት ጠበቁ። ዛሬም "ብስክሌት ለሴት ልጅ ነውር ነው" የሚል እንሰማለን። ውኃ የምትቀዳው፣ ገበያ የምትላከው፣ ትምህርት ቤት በእግሯ የምትመላለሰው ግን እሷው ናት። ጊዜ የሚቆጥበው ዕቃ የሚከለከለው ጊዜ ለሚያጥራት ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ብስክሌት ማደስ ለመላው ቤተሰብ የሚሆን የእረፍት ቀን ሥራ ብናደርገው እንላለን። በመጀመሪያ የብረት አካሉ መሰንጠቁን እንይ፤ ብረቱ ከተሰነጠቀ ገንዘብ አናውጣበት። ደህና ከሆነ ሰንሰለቱን አውልቀን በናፍታ እንጠብ፤ ኩሽኔታውን ከፍተን አሮጌውን ግሪስ እንጥረግና አዲስ እንቀባ። ፍሬኑ በትክክል ሳይዝ ማንም አይንዳው። የፋብሪካው ምልክትና የቀድሞው ቀለም እንዳይፋቅ እንጠንቀቅ፤ የብስክሌቱ የልደት ወረቀት እሱ ነው። ወጪውን እንደ ማኅበራችን ደብተር በየቀኑ እንመዝግብ፤ የጎማ፣ የካላማዳሪያና የጎሚስታ ዋጋ ተደምሮ ከአዲሱ ከበለጠ እዚያው ላይ እናቁም።

ከሁሉም በላይ ፒንሳውን ለወንዶች ልጆች፣ ፋኖስ መያዙን ለሴቶች አንስጥ። ሴት ልጃችን ጎማ መለጠፍ ከቻለች በመንገድ ላይ ረዳት አትለምንም፤ እጇም የገቢ ሙያ ይለምዳል።

አባቶቻችንና አያቶቻችን ብስክሌቱን ከየት፣ በስንት ብር እንደገዙት በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው። መልሱን ጽፈን ለልጆቻችን እናቆይ።