የሚያፈስ ጣራና የአራዳ ታሪክ

ውድ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የከተማ ታሪክ በዐዋጅ ብቻ አይሠራም፤ በየጣራው ላይ በሚመታውና ሳይመታ በሚቀረው ሚስማርም ይሠራል። ይህንንም ፒያሳ በምንለው በአራዳ ምሳሌ አስረዳሃለሁ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ትልቁ ገበያ የቆመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ የአርመንና የግሪክ፣ የሕንድም ነጋዴዎች ሱቆች፣ የወርቅ ሠሪዎችም ደጃፍ በዚያው ተሰበሰቡ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው ጠላት ነጭና ጥቁርን ለመለየት ሲል የአገሬውን ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወረው፤ ለአራዳም በቋንቋው አደባባይ ማለት የሆነውን ስም ሰጠው። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲባረር ስሙ ቀረ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴያትር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር፣ ኬክ ቤቶቹም የከተማውን ሰው ሁሉ ይስቡት ነበር። እኔም የሚስዮን ተማሪ ሳለሁ ሳንቲም አጠራቅሜ ፊልም ያየሁት በዚያ ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ የድኻውም ኪራይ ቀነሰ። ይህ በጎ ነገር ነበር። ነገር ግን በዚያ በጥቂት ብር ኪራይ ጣራ አይታደስም፤ ተከራዩም የእኔ ነው ብሎ አይደክምለትም። ስለዚህ ሰፈሩ ቀስ በቀስ አረጀ።

ከአራጆቹ አንዱ እኔ ነኝ። በ1977 ዓ.ም. በዚያው ሰፈር ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ደረሰኝ። ክረምት ሲገባ ጣራው አፈሰሰ፤ እኔም ከሥሩ ባልዲ ደቀንሁ። ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ቆርቆሮውን ለምን አታስመታውም?» አሉኝ።

«እማማ፣ ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ምን አገባኝ?» አልሁ።

«ቤቱስ የመንግሥት ነው፤ የሚረጥበው ግን ያንተ ራስ ነው» አሉኝ።

እሳቸው ፈቃድ ለምነው፣ ከእንጀራ ሽያጫቸው ቆጥበው ቤታቸውን በየዓመቱ ያስጠግኑ ነበር። እኔ ግን ደመወዝተኛ ሆኜ ሳለሁ ባልዲ በመለወጥ ብዙ ክረምት አሳለፍሁ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት መጣ። ሰፈሩ ያረጀና የተጎሳቈለ ነው ተብሎ በጅምላ ፈረሰ። የእኔ የዘመመው ግድግዳና የእሳቸው ቀጥ ያለው ግድግዳ በአንድ ቀን ወደቁ። ፍርዱ ሲሰጥ የተቈጠረው የብዙዎቻችን ስንፍና እንጂ የአንዲት ሴት ትጋት አልነበረም። እሳቸው ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ፤ ዕድራችንም ተበተነ። ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «ቤቱስ ደኅና ነው፤ ቡና የሚጠራኝ ግን የለም» አሉኝ። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

ዛሬ የፒያሳ መንገድ ሰፊ ነው፤ መብራቱ ያምራል፤ እግረኛም በደኅና ይሄዳል። ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን መንገድ የሚሠራ ሰው ዕድርና ጉርብትናም ለመሠራት ዘመናት እንደሚፈጁ ይወቅ።

አንተም ወጣት ሆይ፣ አባቶችህ «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን አስብ። የጋራ የሆነውን ነገር የማንም አይደለም ብለህ አትተወው፤ አንተ የተውኸው ሚስማር የጎረቤትህን ቤት ያፈርሳልና።