የሴቶች የሥራ ስምሪት በሕዝብ ክፍል ተለይቶ የሚለካበት መንገድ

የሥራ ስምሪት ምጣኔ ለሥራ ከደረሱ ሴቶች ሁሉ በሥራ ላይ ያሉትን በመቶኛ ያሳያል። የሥራ አጥነት ምጣኔ የሚሰላው ግን ሥራ ካላቸውና ለሥራ ዝግጁ ከሆኑ ሥራ አጦች ድምር ነው። ስለዚህ ልጅ የሚይዝላት አጥታ ለሥራ ዝግጁ ያልሆነች እናት ከሥራ አጦች አትቆጠርም። የሥራ አጥነት መቀነስም ብቻውን የሥራ ስምሪት መጨመርን አያረጋግጥም።

በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ፋብሪካዎችና በባቱ የአበባ እርሻዎች የሚቀጠሩት በአመዛኙ ወጣት ሴቶች ናቸው። በመንገድ ዳር ቡናና ምግብ የሚሸጡት ግን በቀጣሪ መዝገብ አይገኙም። አማካይ ቁጥር ይህን ልዩነት ስለሚሸፍን፣ መረጃው በዕድሜ፣ በትምህርት ደረጃ፣ በጋብቻ ሁኔታ፣ በአካል ጉዳትና በፍልሰት ተለይቶ ሊተነተን ይገባል።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሥራ ስምሪትን የሚለካው በቤተሰብ ናሙና ጥናት ነው። የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ ግን የሚይዘው የተመዘገቡትን ብቻ ነው። በመሆኑም ሥራ ፈላጊ ሴቶች በአካባቢያቸው በሚገኝ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ቀርበው መረጃቸውን በትክክል ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛ ክፍያ መቀበል አይችልም።